አንጎላችን "ሰው" የሚለው ማንን ነው?

ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ በትዕግሥት አንብቡልኝ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰሞኑን ሰው የሚመስሉ ሮቦቶች ሲራመዱ፣ ሲጨፍሩ፣ ልብስ ሲያጣጥፉ የሚያሳይ ቪዲዮ ያልተቀባበለ የለም። ከሥር የሚጻፈው አስተያየት ሁለት ዓይነት ነው። ግማሹ "ወይ ጉድ፣ ስምንተኛው ሺህ ደረሰ!" ይላል። ግማሹ ደግሞ "ምን ታካብዳላችሁ፣ ብረት እኮ ነው" ይላል። ተማሪዎቼም "ቲቸር፣ ሮቦት ሰው መሆን ይችላል?" እያሉ ደጋግመው ይጠይቁኛል።

እኔ ግን ጥያቄውን ከሮቦቱ አንስተን ወደ ራሳችን ጭንቅላት ብናዞረው ይሻላል ባይ ነኝ። ሮቦት ሰው ይሁን አይሁን ገና ብዙ ያከራክራል። አንጎላችን ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ ገና ሲያይ ፈርዶ ጨርሷል። አንዱን "ሰው ነው" ብሎ በሩን ይከፍትለታል፣ ሌላውን "ዕቃ ነው" ብሎ ያልፈዋል። የዛሬ ሀሳቤ በአጭሩ ይኸው ነው፦ ይህ በር ለማሽን በቀላሉ ይከፈታል፣ ለሰው ደግሞ በቀላሉ ይዘጋል። ከሮቦቱ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ እኔ የአንጎል ሐኪም አይደለሁም። ዲፕሎማ ይዤ ሃይስኩል አይሲቲ የማስተምር ሰው ነኝ። የምጽፈው ሌሎች ያጠኑትን አንብቤ ነው፤ አስተያየቱ ግን የራሴ ነው።

ፊት የሚፈልግ አንጎል

ከተወለዱ አንድ ሰዓት እንኳ ያልሞላቸው ሕፃናት፣ የፊት ቅርጽ ያለው ሥዕል ሲንቀሳቀስ ከሌላው ሥዕል ይልቅ እሱን አስበልጠው በዓይናቸው ይከተላሉ። ማንም አላስተማራቸውም፤ ይዘውት ነው የተወለዱት። በ1997 ደግሞ ናንሲ ካንዊሸር የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ሆና፣ ከአንጎላችን ከታች በኩል ፊት ስናይ ከሌላ ነገር ይልቅ አብልጦ የሚነቃ ቦታ እንዳለ አሳየች። በዚያ አካባቢ ጉዳት የደረሰባቸው አንዳንድ ሰዎች የገዛ ሚስታቸውን ፊት እንኳ አይለዩም፤ የሚያውቋት ስትናገር በድምጿ ነው።

ይህ የአንጎል ሥራ እጅግ ፈጣን ነው። ፊት ባየን ከአንድ ሰከንድ አንድ አምስተኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ አንጎል ምላሽ ይሰጣል። ስለሚቸኩልም ይስታል። የኤሌክትሪክ ሶኬት ሲያይ ፊት ያያል፣ ደመና ላይ ፊት ያያል፣ የመኪና መብራት ሲያይ የተቆጣ ሰው ይመስለዋል። ማታ ከመንገድ ዳር የቆመ ጉቶ ሰው መስሎት ያልደነገጠ ማን አለ? "እባብ ያየ በልጥ በረየ" ይባል የለ። ደግሞም ስህተቱ አያከስርም። ጉቶን ሰው ነው ብሎ የደነገጠ ቢበዛ ይሳቅበታል፤ ሰውየውን ጉቶ ነው ብሎ ያለፈ ግን ወንበዴ ከሆነበት አለቀለት።

ፊት እንኳ ባይኖር እንቅስቃሴ ብቻ ይበቃናል። በ1944 ሃይደርና ሲመል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአሜሪካ አንድ አጭር ፊልም ሠሩ። ፊልሙ ላይ ያለው ሁለት ሦስት ማዕዘን፣ አንድ ክብና አንድ የሚከፈት ሳጥን ብቻ ነው። ከዚያ ለ34 ሰዎች አሳይተው "ምን አያችሁ?" አሏቸው። ከአንድ ሰው በቀር ሁሉም የተናገሩት ስለ ፍጡራን ነው። ትልቁ ሦስት ማዕዘን ጉልበተኛ ሆነ፣ ትንሹ ጀግና፣ ክቧ ደግሞ የምትሸሽ ምስኪን ሆነች። ልብ በሉ፣ ወረቀት ላይ ያለ ቅርጽ ነው እኮ!

እንግዲህ ለሦስት ማዕዘን ታሪክ የሚፈጥር አንጎል፣ ዓይን፣ ቆዳና ድምፅ ያለው ማሽን ፊቱ ሲቆም ምን ይሁን?

የሚሰቀጥጠው ሸለቆ

በ1970 ማሳሂሮ ሞሪ የተባለ የጃፓን የሮቦት ፕሮፌሰር አንዲት አጭር ጽሑፍ አወጣ። ሀሳቡ እንዲህ ነው። ሮቦት ሰውን እየመሰለ በሄደ ቁጥር እየወደድነው እንሄዳለን፤ ልክ ተራራ እንደመውጣት። ነገር ግን ሰው ሊመስል ጥቂት ሲቀረው ድንገት እንሰቀጠጣለን፣ መውደዳችን ወደ ሸለቆ ይወርዳል። ከዚያ ፍጹም ሰው ሲመስል እንደገና ይወጣል። ይህን ቦታ በጃፓንኛ "ቡኪሚ ኖ ታኒ" አለው፤ በእኛ ቋንቋ "የሚሰቀጥጠው ሸለቆ" ልንለው እንችላለን።

የሰጠው ምሳሌ ግልጽ ነው። እውነተኛ የሚመስል ሰው ሠራሽ እጅ አይታችኋል እንበል። እጅ መስሏችሁ ትጨብጡታላችሁ። ቀዝቃዛ ነው፣ ሥጋም አጥንትም የለውም። ያን ጊዜ የሚሰማችሁ ስሜት እሱ ነው ሸለቆው። ሞሪ ሬሳንም እዚያው ሸለቆ ውስጥ አስቀምጦታል፤ ሰው ይመስላል፣ ግን የሚጠበቀው እንቅስቃሴ የለም።

በሌላ በኩል የኪንሻሳን ሮቦቶች ተመልከቱ። በኮንጎ ዋና ከተማ በ2013 የመኪና ትራፊክ የሚያስተናብሩ ትልልቅ የአሉሚኒየም ሮቦቶች መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆመዋል፤ በፀሐይ ኃይል ይሠራሉ፣ ክንዳቸውን ያነሣሉ፣ ይዞራሉ። ሰው ነን ስለማይሉ የሚሰቀጥጥ ነገር የለባቸውም። ጃፓኖች ለአረጋውያን ማጽናኛ የሠሩት ፓሮ የተባለ ሮቦት ደግሞ የባሕር እንስሳ ነው፤ የሲል ግልገል። ሠሪው ድመት ወይም ውሻ ያላደረገበት ምክንያት አለው። ድመትና ውሻን ሁሉም ያውቃል፣ ስለዚህ ያወዳድራል፤ "ይሄማ የውሸት ነው" ይላል። ሲልን ግን አብሮት ያደገ ሰው እምብዛም የለም።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚገባን። ስሜቱን የሚያመጣው አስቀያሚነት ሳይሆን መጠበቅ ነው። ደረጃ ስትወርዱ አንድ ደረጃ የቀረ መስሏችሁ እግራችሁን አውርዳችሁ መሬቱን ስታገኙት ውስጣችሁ ዱብ ይላል አይደል? መሬቱ ምንም አላደረጋችሁም። አንጎላችሁ ያሰበው ሌላ፣ ያገኘው ሌላ ሆኖበት ነው።

በ2011 ይፋ የሆነ አንድ ጥናት ይህንን በአንጎል ምርመራ አሳይቷል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲያጎ፣ አይሼ ፒናር ሳይጊን የምትመራው ቡድን 20 ሰዎችን ኤፍ ኤም አር አይ የሚባል የአንጎል ማንሻ መሣሪያ ውስጥ አስተኝቶ ቪዲዮ አሳያቸው። ቪዲዮው ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ እውነተኛ ሰው፣ ሁለተኛው ሰው የምትመስል የጃፓን ሮቦት፣ ሦስተኛው ያቺው ሮቦት ቆዳዋ ተገፎ ብረቷና ሽቦዋ ወጥቶ። ሦስቱም እጅ ማወዛወዝ፣ ውኃ መጠጣት የመሰለ ተራ ነገር ነው የሚሠሩት።

ውጤቱስ? ሰው እንደ ሰው ሲንቀሳቀስ አንጎል አልተቸገረም። ብረት እንደ ብረት ሲንቀሳቀስም አልተቸገረም። የተለየ ሥራ የበዛበት መልኩ ሰው፣ እንቅስቃሴው ማሽን የሆነውን ሲያይ ነው። ልዩነቱ ጎልቶ የታየው በአንጎል የላይኛው ጎን ላይ፣ የምናየውን እንቅስቃሴ ከራሳችን እንቅስቃሴ ጋር በሚያገናኘው አካባቢ ነው። "መልኩ ሰው ነው፣ ታዲያ ለምን እንዲህ ይንቀሳቀሳል?" እያለ ሒሳቡ አልገጥም ያለው ይመስላል።

ነገሩ ፊልም በማየት ወይም በባህል ብቻ የመጣ አይመስልም። በ2009 የወጣ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ጥናት ላይ ጦጣዎች በኮምፒውተር የተሠራ የጦጣ ፊት ታይቷቸው ነበር። እውነተኛውንና በግልጽ የውሸት የሆነውን አስተካክለው አዩ። እውነተኛ ሊመስል ጥቂት ከቀረው ግን ቶሎ ቶሎ ዓይናቸውን አነሡ።

እርግጥ ነው የሞሪ ሀሳብ ዛሬም ያከራክራል። እሱ ራሱ ያቀረበው እንደ ግምት ነው እንጂ ለክቶ አይደለም። ሸለቆው ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት አይደለም፣ በመልመድም ይለወጣል። መልክና እንቅስቃሴ፣ ፊትና ድምፅ ሳይገጣጠሙ ሲቀሩ የሚሰማን መረበሽ ግን በተለያየ መንገድ ታይቷል።

ዘበኛው የማያየው እንግዳ

አሁን ወደ አስተያየቴ ልግባ። ያ መሰቀጠጥ ለእኔ በር ላይ የቆመ ዘበኛ ነው። "ቆይ፣ ይሄ ሰውዬ አንድ ነገር ጎድሎታል" ይለናል። ስለዚህ የሚሰቀጥጥ ሮቦት ብዙም አያሳስበኝም፤ ዘበኛው ይዞታል። የሚያሳስበኝ ፊትም እጅም ስለሌለው ዘበኛው ሳያየው የሚገባው ነው።

በ1966 ጆሴፍ ዋይዘንባም የተባለ የኤም አይ ቲ ፕሮፌሰር ኤሊዛ የምትባል ፕሮግራም ሠራ። ፕሮግራሟ እጅግ ቀላል ናት፤ የጻፍክላትን ወደ ጥያቄ ቀይራ ትመልስልሃለች። "አዝኛለሁ" ስትላት "ለምን አዘንክ?" እንደማለት ነው። ስትሠራ ያየች የራሱ ጸሐፊ ግን ከፕሮግራሟ ጋር መጻጻፍ ከጀመረች በኋላ "እባክህ ከክፍሉ ውጣልኝ" አለችው፤ ብቻዬን ላውራ ማለቷ ነው። ዋይዘንባም በዚህ ደንግጦ ቀሪ ዕድሜውን ስለዚህ ጉዳይ ሲያስጠነቅቅ ኖረ።

ያ የዛሬ ስድሳ ዓመት ገደማ ነው። ዛሬ በአማርኛ ጭምር የሚያወራ ማሽን ኪሳችን ውስጥ አለ። ሮቦት ለእኛ ሀገር ቅንጦት ነው የምትሉ ሰዎች ይህን አስቡት፤ ብረቱ ባይመጣም ንግግሩ መጥቷል። ተማሪዎቼ ጭንቀታቸውን ለእናታቸው ሳይናገሩ ለስልካቸው ይጽፋሉ። የሰውን ድምፅ ከጥቂት ቅጂ ላይ አስመስሎ የሚናገር ቴክኖሎጂም አለ፣ ማጭበርበሪያም ሆኗል። የልጇን ድምፅ በስልክ የሰማች እናት "እማዬ፣ ቸገረኝ፣ ብር ላኪልኝ" ስትባል አንጎሏ ማጣራት አይጀምርም፤ ልቧ ቀድሞ ይሮጣል። ምክንያቱም ድምፅ ብቻ ሲሆን የሚጋጭ ነገር የለም። የማይገጥም እጅ የለ፣ የማይገጥም ዓይን የለ።

ስለዚህ ለወላጆች የምለው፦ እንዲህ ዓይነት ስልክ ሲመጣ ዝጉና በምታውቁት ቁጥር መልሳችሁ ደውሉ። በቤተሰብ መካከል አንድ የምስጢር ቃል ይኑራችሁ። ለመንግሥትም የምለው አለኝ። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ባወጣው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግ፣ ሰው ከማሽን ጋር እያወራ መሆኑ ግልጽ ካልሆነ እንዲነገረው ያዛል። እኛም በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ የሚናገር ማሽን አስቀድሞ "እኔ ማሽን ነኝ" እንዲል ብናስገድድ ምን ይጎዳናል? አዋጁ እስኪወጣ ድረስ ደግሞ ትምህርት ቤት አለ። አይሲቲ ማለት ታይፕ ማድረግ ብቻ መሆን የለበትም፤ ልጆች የገዛ አንጎላቸው በምን እንደሚታለል መማር አለባቸው።

ለሰው ሲዘጋ

ከዚህ የከበደው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ያው በር በተቃራኒውም ይሠራል።

በ2006 ላሳና ሃሪስና ሱዛን ፊስክ የተባሉ የፕሪንስተን ተመራማሪዎች ለተማሪዎች የተለያዩ ሰዎችን ፎቶ እያሳዩ አንጎላቸውን መረመሩ። ስለ ሌላ ሰው ስናስብ የሚነቃ፣ ከግንባራችን ጀርባ መሃል ላይ ያለ የአንጎል ክፍል አለ። ሀብታም፣ ሽማግሌ፣ ስፖርተኛ ሲያዩ ይነቃል። ጎዳና ላይ የወደቀ ሰውና የአደንዛዥ ዕፅ ሱሰኛ ሲያዩ ግን ያ ክፍል እንደሌላው ጊዜ አልነቃም። የታየው አስጸያፊ ነገር ስናይ የሚታየው ዓይነት ምላሽ ነው።

በጀርመን ሀገር ደግሞ በ2013 ይፋ በሆኑ ጥናቶች፣ አንድ የዳይኖሰር አሻንጉሊት ሮቦት ሲንገላታ የሚያሳይ ቪዲዮ የተመለከቱ ሰዎች ተረበሹ፣ አዘኑለት። ለሰው ያላቸው ሐዘን ቢበልጥም ለአሻንጉሊቱ ማዘናቸው ግን አልቀረም።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡልኝ እስቲ። ለፕላስቲክ ዳይኖሰር የሚያዝን አንጎል፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ መንገድ ዳር የተኛውን ሰው እንደ ዕቃ ያልፈዋል።

"የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፣ እኛ እንደዚያ አይደለንም" የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ጥናቱ የተሠራው እዚያ ነው፤ መሣሪያውም የሚያሳየው የደም ዝውውርን ነው እንጂ የሰውን ክፋት አይደለም። ግን ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄዱ ስንት ሰው ተሻግራችሁ እንደሄዳችሁ ለራሳችሁ መልሱ። በሩዋንዳ በ1994 ከእልቂቱ በፊትም በእልቂቱ ጊዜም ሬዲዮው ቱትሲዎችን "በረሮ" ይላቸው ነበር። ሰውን በነፍሳት፣ በአውሬ ስም መጥራት ስድብ ብቻ አይደለም፤ የሚሰማው ሰው አንጎል ውስጥ ያለውን በር መዝጊያ ነው። እኛም ሀገር ፌስቡክ ላይ እንዲህ ዓይነት ስም ሲጻፍ በየቀኑ እናያለን። ማን ለማን እንደሚለው አልዘረዝርም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ሁሉም ወገን ጋ አለ።

በጥንት የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ላይ ጻድቃን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሣላሉ። ኃጥአን ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ ይሣላሉ። ሠዓሊው ምን አስቦ እንደሆነ የራሱ ትርጓሜ አለው። እኔን ግን የሚገርመኝ፣ ሁለት ዓይኑን ያላየነው ሰው ከእኛ እንደሚርቅ ቀድመው ያወቁት ይመስላል።

ሶፊያና "ሠራተኛዋ"

ሶፊያን ታስታውሷታላችሁ? ሃንሰን ሮቦቲክስ የተባለ የሆንግ ኮንግ ኩባንያ የሠራት ሮቦት ናት። በሶፍትዌሯ ሥራ ላይ አዲስ አበባ ያለው አይኮግ ላብስ ወጣቶች ተሳትፈውበታል፤ ኮርተናል፣ ይገባልም። በ2018 አዲስ አበባ ድረስ መጥታ ጠቅላይ ሚኒስትራችንን አግኝታለች። ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ በፊት ደግሞ፣ በጥቅምት 2017፣ ሳዑዲ ዓረቢያ ዜግነት ሰጥታታለች ተባለ።

ያኔ ብዙ ሰው የሳቀበትን እኔ መሳቅ አቃተኝ። በዚያው ሀገር የስንቶቻችን እህቶች በሰው ቤት ይሠራሉ? ያኔ በከፋላ ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዳቸው ከአሠሪያቸው ጋር የታሰረ ነበር። ሶፊያ ጭንቅላቷ ከኋላ ግልጽ ነው፣ ሽቦዋ ይታያል፤ ሰው አለመሆኗን ማንም አልተደበቀም። ግን ፊት አላት፣ ፈገግ ትላለች፣ ስም አላት። ኩሽና ውስጥ ያለችው ልጅ ደግሞ ሰው ናት፣ ግን ስሟ እንኳ የማይጠራበት ቤት አለ።

ዓረብ ሀገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። አማርኛችንን አድምጡት። አማርኛ ግሱን ሁሉ "መጣች፣ ሄደች" ብሎ ጾታ ያስይዘዋል፤ ስለዚህ ገና ስለ ሶፊያ አፋችንን ስንከፍት "እሷ" ብለን ሰው አድርገናታል። ቤታችን ውስጥ ሦስት ዓመት እንጀራ የጋገረችልንን ልጅ ግን ለእንግዳ ስናስተዋውቃት "ሠራተኛዋ ናት" እንላለን። ለሮቦት ስም አለን፣ ለልጅቷ የሥራ መደብ። ይሄ ሳይንስ አይፈልግም፤ ማፈር ብቻ ነው የሚፈልገው።

ደስ የሚለው ነገር በሩ ተዘግቶ አይቀርም። ሃሪስና ፊስክ በ2007 ባወጡት ተከታይ ሥራ፣ ተመልካቾቹን ስለዚያው ጎዳና ላይ ስለወደቀ ሰው "ምን ይወድ ይሆን?" የሚል ዓይነት ጥያቄ ሲጠይቋቸው ያ ያልነቃው የአንጎል ክፍል ነቃ። ገንዘብ አልተሰጠ፣ ስብከት አልተሰበከ። አንድ ጥያቄ ብቻ! ሰውየው የሚወደውና የሚጠላው ነገር እንዳለው ባሰቡ ጊዜ እንደገና ሰው ሆነላቸው።

ስለዚህ የእኔ ምክር ትንሽ ናት። የሚያወራችሁ ማሽን የቱንም ያህል ቢጣፍጥ "አንተ ማን ነህ? ከጀርባህ ያለው ማን ነው?" በሉት። የሚያልፋችሁን ሰው ደግሞ "ስምህ ማን ነው? ቁርስ በላህ?" በሉት። አንጎላችን ለመጀመሪያው ችኩል፣ ለሁለተኛው ሰነፍ ነውና ሁለቱንም በልምምድ ማስተማር ይቻላል። አባቶቻችን "ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው" ያሉት ሰውን ነው።

ቤታችሁ የምትሠራ ልጅ ካለች ዛሬ ማታ ምን ዓይነት ወጥ እንደምትወድ ጠይቋት። መልሷን ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ቸር ሰንብቱልኝ!